‹‹አለቀ›› ማለት ምን ማለት ነው?

ካዛንቺስ ውስጥ ለሕዝብ የተሰጠ ትምህርታዊ ንግግር

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ቃል ነው፤ ስለ ‹‹አለቀ››። በስልክ ተዋውለን፣ በስልክ አሠርተን፣ በስልክ የምንጣላበት ዘመን ላይ ነን። ሎጎ የሚሠራልንን፣ ድረ ገጽ የሚያቆምልንን፣ ሰነድ የሚተረጉምልንን፣ ቪዲዮ የሚቆርጥልንን ልጅ ፊቱን እንኳ አናውቀውም። ሥራው ሲደርስ እሱ ‹‹አለቀ›› ይላል፤ እኛ ‹‹ገና ነው›› እንላለን። ገንዘቡ በሁለቱ ቃላት መሐል ተሰንቅሮ ይቀራል። ብዙ ሰው ይህን ጠብ የክህደት ጠብ አድርጎ ያየዋል። እኔ በዓይኔ ካየሁት ውስጥ ግን አውቆ የካደው ጥቂት ነው። የቀረው ሁለት ቅን ሰዎች አንዲቱን ቃል ለየብቻ መዝነው የተኳረፉበት ነው።

ጠበቃ አይደለሁም። እዚሁ ሰፈር አነስተኛ የኅትመት ዝግጅት ቢሮ አለኝ። ቋሚዎቹ እኔና አንዲት ጸሐፊ ነን፤ ሌላውን ሥራ ለፍሪላንሰሮች አከፋፍላለሁ። እንግዲህ የምናገረው ከከፋዩ ወገን ሆኜ ነው፤ ይህን ሳትዘነጉ ስሙኝ።

ከራሴ ጥፋት ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ ድርጅት የምሥረታ በዓል መጽሐፍ ተሰጠኝ፤ 140 ገጽ። ሌይአውቱን የሚሠራ ልጅ በቴሌግራም አገኘሁ። ውላችን ይኸው ነበር፤ እኔ ‹‹ሌይአውት 24 ሺህ፣ በሁለት ሳምንት›› አልኩ፤ እሱ ‹‹እሺ ጋሼ›› አለ። ግማሹን፣ 12,000 ብር፣ በባንክ አስተላለፍኩ። በዐሥራ ሦስተኛው ቀን ፒዲኤፉን ልኮ ‹‹ጋሼ አልቋል›› ሲለኝ የአውራ ጣት ምልክት ላክሁለት። በማግስቱ ከድርጅቱ እርማት መጣ፤ ‹‹ትንሽ ነገር አለች›› ብዬ አስተላለፍኩለት። ከዚያ ሌላ ትንሽ ነገር መጣች። የሥራ አስኪያጁ ፎቶ ተቀየረ፤ አንድ ምዕራፍ ወደፊት መጣ፤ የቦርዱ ሰብሳቢ ተለወጠና መልእክታቸው እንደ አዲስ ተጻፈ። ሁሉንም ‹‹ትንሽ›› እያልኩ ሳሻግር ስድስት ሳምንት ሞላ። በመጨረሻ ልጁ ዝም አለኝ። እኔ የሚታረመውን ዋናውን ፋይል እፈልጋለሁ፤ እሱ ቀሪውን 12,000 ይፈልጋል። ‹‹ፋይሉን ላክና እከፍላለሁ።›› ‹‹ክፈሉኝና እልካለሁ።›› እዚያው ላይ ቆምን።

የሸመገሉን በፍርድ ቤት ሬጅስትራርነት አገልግለው ጡረታ የወጡ የሰፈራችን ሰው ነበሩ። ‹‹የተባባላችሁትን አትሙና አምጡልኝ›› አሉን። የቴሌግራሙ ወግ 17 ገጽ ሆኖ ወጣ። ቡና በምንጠጣባት ቤት በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ቀይ ቢክ እስክሪብቶ ይዘው፣ ‹‹ትንሽ›› የሚለውን ቃል ባገኙበት ሁሉ አሰመሩበት። 31 ጊዜ ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው ወደ እኔ ዞሩ። ‹‹እርስዎ፣ ስንት ትንሽ አንድ ትልቅ ይሆናል?›› አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ወደ ልጁ ደግሞ ዞሩና፣ ‹‹አንተስ ልጄ፣ አምስተኛው ላይ ‹ይህ ተጨማሪ ሥራ ነው› ማለት አቅቶህ ነው?›› አሉት። ‹‹አከበርኳቸው አባባ›› አለ። ይህች ‹‹አከበርኳቸው›› የምትባል ነገር በፍሪላንስ ሥራ ውስጥ ስንት ገንዘብ እንደበላች ቢቆጠር ጉድ ነው። የውጭ አገር ደንበኛ ሲሆን ‹‹ይህ ከስምምነታችን ውጭ ነው›› ብሎ የሚጽፍ ልጅ፣ ለአገሩ ሰው ሲሆን እየተናደደ ይሠራል።

ሽማግሌው ቀጥለው የጠየቁን ጥያቄ ሁለታችንንም አስደነገጠን። ‹‹የከፈሉት 12 ሺህ ቀብድ ነው ወይስ ቅድሚያ ክፍያ?›› ሁለቱ አንድ መስለውኝ ነበር። አይደሉም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ቀብድ በቁጥር 1883 እና ተከታዮቹ ይናገራል። ቀብድ መስጠት ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር ቀብድ ሰጪው ውሉን መተው ይችላል፤ ቀብዱ ግን ይቀርበታል። ተቀባዩም መተው ይችላል፤ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ገንዘቡ ቀብድ ከሆነ እኔ ብተው 12,000 ብሬን አጣለሁ፤ እሱ ቢተው 24,000 ይከፍላል። ይህን ሲሰማ የልጁ ፊት ሲለዋወጥ አየሁት። ቅድሚያ ክፍያ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ስሌቱ በተሠራው ሥራ ልክ ይሆናል።

እኛ ምን ብለነው ነበር? በባንክ መተግበሪያ ገንዘብ ስታስተላልፉ ‹‹ምክንያት›› የምትል ባዶ ቦታ ታገኛላችሁ። አብዛኞቻችን ነጥብ ወይም አንዲት ፊደል ጣል አድርገንባት እናልፋለን። እኔ ‹‹ኦኬ›› ብዬባት ነበር። እዚያች ላይ ‹‹የመጽሐፍ ሌይአውት ቅድሚያ ክፍያ፣ ግማሽ›› ብዬ ቢሆን ኖሮ የግማሽ ቀን ክርክር በቀረ ነበር። እስቲ ስልካችሁን አውጡና የመጨረሻ ሦስት ክፍያዎቻችሁ ምክንያት ምን እንደሚል እዩ። ትስቃላችሁ።

ተስማማን። ቀሪውን 12,000 እከፍላለሁ፤ ለተጨማሪው ሥራ 3,000 እጨምራለሁ፤ እሱ ዋናውን ፋይል ያስረክባል። ይህም ሆኖ ማን ይቅደም? ‹‹እኩል ሦስት ብለን›› አልን። ፋይሉ በፍላሽ ነው፤ ገንዘቡ በቴሌብር። እኔ ቁጥሩን መትቼ ልልክ ስል ኔትወርክ ጠፋ። ፍላሹን የያዘው የልጁ እጅ ወደ ኪሱ ሲመለስ አየሁ፤ የእኔም ስልክ ወደ ኪሴ እየሄደ ነበር። ቡና የምታፈላልን ሴት፣ ነገሩን ከመነሻው ስትሰማ የቆየች፣ ‹‹ፍላሹን ወዲህ በል›› አለችና ተቀብላው ረከቦቱ ላይ ከስኒዎቹ ጎን አስቀመጠችው። ‹‹ገንዘቡ ሲገባልህ ለእሳቸው እሰጣለሁ። ካልገባልህ ለአንተ እመልሳለሁ። አሁን ቡናችሁን ጠጡ።›› በቶናው ላይ ኔትወርክ ተመለሰ።

ያቺ ረከቦት ያደረገችውን ነው ዛሬ ትልልቆቹ የዓለም የፍሪላንስ ገበያዎች የሚያደርጉት። አፕወርክ የሚባለው ገበያ ኢላንስና ኦዴስክ ተዋህደው እ.ኤ.አ. በ2015 በዚህ ስም የተጠራ ነው። በቁርጥ ዋጋ የሚሠራ ሥራ ሲሆን አሠሪው ገንዘቡን ቀድሞ ያስይዛል። ገንዘቡ ከአሠሪው እጅ ወጥቷል፤ ሠራተኛው እጅ ግን አልገባም። ሥራው ሲቀርብ አሠሪው 14 ቀን አለው። በዚያ ጊዜ ውስጥ እርማት ካልጠየቀ ወይም ካልተቃወመ ገንዘቡ ለሠራተኛው ይለቀቃል። ፋይቨር ላይ ደግሞ ገዢው ዝም ካለ ሥራው በ3 ቀን ውስጥ እንደ ተጠናቀቀ ይቆጠራል። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። እነዚህ ገበያዎች ‹‹አለቀ›› የምትለዋን ቃል ለሰው ስሜት አልተዉአትም። ዝምታ ራሱ ከተወሰነ ቀን በኋላ ‹‹አለቀ›› ማለት እንዲሆን አድርገው ደንግገዋታል። የእኔ አውራ ጣት ግን ምን ማለት እንደሆነ እስከ ሽምግልናው ቀን ድረስ እኔ ራሴ አላውቅም ነበር።

በሰዓት የሚከፈል ሥራ ሲሆን አሠራሩ ይለያል። አፕወርክ በየ10 ደቂቃው አንድ የኮምፒውተር ገጽ ምስል ያነሳል፤ የሥራው ማስታወሻ እሱ ነው። በሰዓት የሚሸጠው ድካም ነው፤ በቁርጥ የሚሸጠው ግን ውጤት ነው። የእኛም ሕግ ይህን ልዩነት ከስድሳ ዓመት በፊት ያውቀው ነበር። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1712 ሰው አንድን ውጤት ለማስገኘት፣ ወይም የሚችለውን ያህል ለመጣር ሊዋዋል እንደሚችል ይናገራል። ቁጥር 2610 በራሱ ኃላፊነት አንድን ውጤት ለማስገኘት ስለሚዋዋል ሰው፣ ቁጥር 2632 እና ተከታዮቹ ደግሞ ስለ አእምሮ ሥራ ውል ይደነግጋሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን በራሱ የሙያ ኃላፊነት በዋጋ የሚሠራን ሰው አይመለከትም። ፍሪላንሰር ‹‹ሠራተኛ ጉዳይ ሄጄ እከሳለሁ›› ሲል ብትሰሙ በር ተሳስቷል ማለት ነው፤ በሩ የውል ሕጉ ነው።

ወደ ረከቦቷ ልመለስ፤ ምክንያቱም ሰው የሚሳሳተው እዚያ ነው። አሠሪና ሠራተኛ በገበያው ከተገናኙ በኋላ ‹‹ኮሚሽኑን ለምን እንከፍላለን፣ በቴሌግራም እንጨርስ›› ይባባላሉ። አፕወርክ ከተዋወቃችሁ ጀምሮ እስከ ሁለት ዓመት ከእሱ ውጭ መከፋፈልን ይከለክላል፤ ይህን የሚጥስ አካውንቱን ሊያጣ ይችላል። የአካውንቱ ነገር እንኳ ይቅር። ከገበያው ሲወጡ ፍላሹን ከረከቦቱ አንስተው ኪሳቸው እየከተቱ ነው። ጠብ ሲነሳ ‹‹ገበያው ይፍረደን›› ማለት አይቻልም፤ ገበያው የያዘው ነገር የለም። ከዚህ የባሰው በተከራየ ወይም በዘመድ ስም በተከፈተ አካውንት የሚሠሩ ልጆች ነገር ነው። ሥራው የእሱ፣ ላቡ የእሱ፣ በወረቀት ላይ ያለው ስም ግን የሌላ ሰው። ባለ አካውንቱ ‹‹ገንዘብ አልገባም›› ካለ ልጁ ማንነቱን የሚያስረዳው በምኑ ነው?

አሁን ስለ ጽሑፍ። የእኛ ሕግ ለአብዛኛው ውል የተለየ ፎርም አይጠይቅም፤ ቁጥር 1719ን ተመልከቱ። በቴሌግራም ‹‹እሺ ጋሼ›› ማለትም ውል ነው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ከወጣ ወዲህ ደግሞ መልእክቱ ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ዋጋ ያጣል ብሎ መከራከር አያዋጣም። ችግሩ ሌላ ነው፤ ቴሌግራም ይፍቃል። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ በሁለት ሰው ወግ ውስጥ ማንኛቸውም የማንኛቸውንም መልእክት ከሁለቱም ስልክ ላይ ማጥፋት ይችላሉ፤ የጊዜ ገደብም የለውም። አባቶቻችን ‹‹በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል›› ሲሉ እንዲህ ያለ መጽሐፍ አልታያቸውም። ስለዚህ ዋጋ፣ ቀንና የሥራው ወሰን የተነሣበትን መልእክት በኢሜይል መልሳችሁ ላኩት፤ ወይም በኮምፒውተሩ ቴሌግራም ወጉን በሙሉ አውርዳችሁ አስቀምጡ። ስክሪንሾት ብቻ ይዛችሁ አትመኩበት፤ ተቃራኒው ወገን ‹‹የተቀነባበረ ነው›› ለማለት አፍ አያጥረውም።

በዚህ ሁሉ መሐል የተለወጠ ነገር አለ፤ ሰፈራችን ራሱ። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ካሠሩት የመኖሪያ ቤት ድርጅት ነው፤ ካዛ ኢንቺስ። አብዛኞቻችሁ ይህን ታውቃላችሁ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ከእነዚያ ቤቶችና ከጎረቤቶቻቸው ብዙዎቹ ለኮሪደር ልማቱ ፈረሱ፤ ነዋሪው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ቦታዎች ሄደ። ቡና የምንጠጣባት ቤትም ሄደች። ሽማግሌያችን አሁን ሰፈር ቀይረዋል፤ እድሮች ተበታትነዋል። የቃል ውላችን የቆመው ‹‹ነገ እዚህ ሰፈር ፊቴን አሳያለሁ›› በሚል ይሉኝታ ላይ ነበር። በስልክ የምናሠራው ልጅ ደግሞ ቀድሞውንም ከሰፈሩ አልነበረም፤ ጎንደር ወይም ሐዋሳ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ይሉኝታ በሌለበት ሽማግሌን ከሰፈር መፈለግ ይቅርና አስቀድሞ በውል መምረጥ ይሻላል። ‹‹አለመግባባት ቢፈጠር እከሌን እንጠይቃለን›› የምትል አንድ መስመር ትበቃለች። ለእርቅና ለግልግል ራሱን የቻለ ሕግ አለ፤ አዋጅ ቁጥር 1237/2013።

ሽምግልና ሳይሳካ ሲቀርስ? ዘልላችሁ ፍርድ ቤት አትሂዱ። መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ስጡ፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1772 የሚለው ይኸንኑ ነው። ሌላውን ወገን ‹‹አልፈጸምክም›› ከማለታችሁ በፊት ግዴታውን እንዲፈጽም ልትጠይቁት ይገባል፤ ተመጣጣኝ ቀነ ገደብም ልትሰጡት ትችላላችሁ። ማስጠንቀቂያው ስድብ አይደለም። እኔ ለዚያ ልጅ በንዴት የጻፍኩትን ዛሬ ባነብላችሁ ታፍሩብኛላችሁ፤ ማስጠንቀቂያ ተብሎ ሊቀርብ ቀርቶ በእኔው ላይ ማስረጃ ይሆን ነበር። እንዲህ ቢሆን ይበቃ ነበር፤ ‹‹በዚህ ቀን በዚህ ዋጋ ተስማምተናል፤ ይህን ያህል ከፍያለሁ፤ የቀረው ይህ ነው፤ እስከ ፊታችን ዓርብ ካልደረሰኝ ወደ ሌላ መፍትሔ እሄዳለሁ።›› ፍሪላንሰሩም ልክ እንዲሁ ይጻፍ። ‹‹ክፈልና አስረክባለሁ››፣ ‹‹አስረክብና እከፍላለሁ›› ለሚለው ደግሞ ቁጥር 1757 አለ፤ የራሱን ግዴታ ያልፈጸመ ወይም ለመፈጸም ዝግጁ ያልሆነ ሌላውን ‹‹ፈጽም›› ሊል አይችልም። እኔና ልጁ ሁለታችንም ሳናውቀው ይህን ሕግ እየጠቀስን እየተሟገትን ነበር።

ፍርድ ቤት ሲደርስ፣ ለዚህ ሰፈር ሰው ቅርቡ የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ቂርቆስ ምድብ ችሎት ነው። ቁርጥ ያለ የገንዘብ መጠን በጽሑፍ ውል ሲጠየቅ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ በቁጥር 284 አጭር መንገድ ያዘጋጃል። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ደግሞ ፍርድ ቤት መር አስማሚነትን አምጥቷል፤ ጉዳዩ ክርክር ውስጥ ሳይገባ በአስማሚ ፊት የሚታይበት ነው። ከውል የመነጨ ጥያቄ በመደበኛው ዐሥር ዓመት ዕድሜ አለው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1845። ግን ለ5,000 ብር ብላችሁ ስንት ቀን ሥራ ታቆማላችሁ? ይህን ራሳችሁ አስሉት። ደንበኛው በርሊን ወይም ቶሮንቶ ካለ ስሌቱ ይበልጥ ይከብዳል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2020 የውጭ የግልግል ውሳኔዎችን የሚመለከተውን የኒውዮርክ ስምምነት ተቀብላለች፤ እሱ ግን ለትልልቅ ኩባንያዎች ይጠቅም ይሆናል እንጂ ለ200 ዶላር ሎጎ አይደለም።

ከውጭ ደንበኛ ጋር የሚሠሩት ልጆች ሌላ ጣጣ አለባቸው። ‹‹ቅዳሜ ስድስት ሰዓት›› ስትሉ የእናንተ ስድስት ሰዓት እኩለ ቀን ነው፤ የእሱ ስድስት ሰዓት ጎህ ሲቀድ ነው። በዚህች ስድስት ሰዓት ብቻ የተሰረዘ ሥራ አውቃለሁ። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲቆይ ደግሞ የገበያዎቹ ሰዓት መቁጠሩን አላቆመም። በሕጋችን ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ምን እንደሆነ በቁጥር 1792 ተጽፏል፤ የገበያው ሰዓት ግን የእኛን ሕግ አላነበበም። ‹‹በአገሬ ኢንተርኔት ከተቋረጠ ቀኑ ይራዘማል›› የሚል መስመር ከዚያ ወዲህ በውላቸው የሚያስገቡ ልጆች አሉ፤ ብልህ ናቸው።

ስለ ምንዛሪም እንዲሁ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ተሻገረ። በሐምሌ መጀመሪያ ‹‹500 ዶላር፣ በብር ትከፍለኛለህ›› ብለው የተስማሙ ሁለት ሰዎች በነሐሴ ሲገናኙ አንዱ በኪሱ 28,500 ይዟል፤ ሌላው 50,000 ይጠብቃል። ማናቸውም አልዋሹም። ‹‹በየትኛው ቀን ምንዛሪ?›› የሚለውን ግን ሁለቱም አልጠየቁም።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምርና ልቋጭ፤ ዊዝሆልዲንግ። ብዙ ኩርፊያ የሚነሣው ከእሷ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ድርጅት ከ3,000 ብር በላይ የአገልግሎት ክፍያ ሲፈጽም 2 በመቶ ቀንሶ እንዲያስቀር ያዝዝ ነበር፤ ቲን ቁጥር ከሌለው ሰው ላይ 30 በመቶ። በኋላ አዋጁ ስለተሻሻለ የዛሬውን መጠን ከሂሳብ ሠራተኛችሁ ጠይቁ። ያኔ ቲን ያልነበረው ልጅ 20,000 ጠብቆ 14,000 ሲገባለት ‹‹ሰረቁኝ›› ይል ነበር። ድርጅቱ አልሰረቀም፤ አልነገረውም እንጂ። ዋጋ ስትነጋገሩ ‹‹ታክሱ ተቀንሶ ነው ወይስ ሳይቀነስ?›› ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ያንን የሌይአውት ልጅ ባለፈው ወር ለሌላ መጽሐፍ ፈለግሁት። ‹‹እሺ ጋሼ›› ብሎ አልመለሰልኝም። አንድ ገጽ ውል በኢሜይል ላከልኝ። ሦስተኛው መስመር እንዲህ ይላል፤ ‹‹ሥራው አለቀ የሚባለው ፒዲኤፉ ከተላከ በኋላ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ የጽሑፍ እርማት ካልመጣ፣ ወይም ሁለተኛው ዙር እርማት ገብቶ ሲላክ ነው።›› ከሥሩ ደግሞ፣ ‹‹ትንሽ የተባለ እርማትም እርማት ነው›› የሚል አለ። አንብቤ ሳቅሁ፤ ፈረምኩም። ዋጋውን ግን በጣም ከፍ አድርጎታል። ቴሌግራም ከፈትኩና ‹‹ትንሽ ቀንስልኝ›› ብዬ መጻፍ ጀመርኩ፤ ከዚያ የመጀመሪያዋን ቃል አየኋትና አጠፋኋት።